ሁሉም የወፈሩበት ወር

ሰፈሩ «ጋሼ ሚዛን» ነው የሚለው። የቤት ስሙን ከእህቱና ከእህቱ ልጅ በቀር የሚጠራው አልነበረም። ከገበያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሚዛን ሲጠግን ኖሯል። የሽንኩርት ነጋዴ ይሁን የወርቅ ሠሪ፣ የወፍጮ ቤት ይሁን የፖስታ ቤት፣ የተበላሸ ሚዛን ሁሉ ዞሮ ዞሮ ብረት ጨብጦ በሚይዘው በእሱ ሞርሳ ላይ ነው የሚያርፈው። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከአንዲት ቁራጭ ነሐስ ላይ እንደ አቧራ የላመ ብናኝ በሞረድ ሲያነሳ ለሚያየው ሰው፣ ጸሎት ላይ ያለ ይመስላል።

ከመለኪያና መመዘኛ መሥሪያ ቤት የተሰጠችው የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የብረት ማኅተም ነበረችው። የጠገነው ሚዛን ላይ በመዶሻ መትቶ ያሳርፋታል። ገበያ ውስጥ «ጎደለ፣ አልጎደለም» ብለው ሁለት ሰዎች አንገት ለአንገት ቢተናነቁ፣ ነጋዴው ሚዛኑን ገልብጦ ማኅተሟን ያሳያል፤ ነገሩ እዚያው ይበርዳል። ጋሼ ሚዛን ይህን ያውቅ ነበር። በአፉ ባይናገረውም በሆዱ ይኮራበት ነበር።

ትዳር አልያዘም። እናታቸው በልጅነቱ ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው የሰባት ዓመት ታላቁ የሆነች እህቱ ናት። እስከ እርጅናው «እትዬ» እንዳላት ኖረ። እትዬ የአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ አጣቢ ነበረች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አንድ ሴት ልጅ ትቶላት ሞተ። እሷም ከሞቱ በኋላ ተመርምራ ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ እንዳለ አወቀች። ያኔ ወንድሟ ሱቅ መጥታ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የኪኒን ወዳጅ ሆኛለሁ» አለችው። ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ሳታዛንፍ መድኃኒቷን ዋጠች። የሚያያት ሰው ሕመምተኛ ናት አይልም ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በአሥረኛው ዓመት ነው። ሆቴሉ ሥራ ቀዝቅዞበት ግማሹን ሠራተኛ ሲያሰናብት እሷም ተሰናበተች። ቤት ለቤት እየዞረች ልብስ ማጠብ ጀመረች፤ ሲገኝ ትሠራለች፣ ሳይገኝ ትውላለች። በዚያው ሰሞን የቆየው መድኃኒት አልሠራ ብሏት ሐኪሞቹ ለወጡላት። አዲሱ መድኃኒት ባዶ ሆድ አይወድም። ባዶ ሆድ ላይ ሲወርድ ምድርና ሰማይ ያዞርባታል፤ ያስመልሳታል። በዚያ ላይ አፏ ውስጥ ቁስል ወጣባት። «ምግብ አጥቼ አይደለም፤ አፌ ነው አልቀበል ያለኝ» ትላለች። ሁለቱም እውነት ነበር። ምግቡም ጠፍቶ ነበር፣ አፏም እምቢ ብሎ ነበር።

ጤና ጣቢያው መዘናት። አርባ አንድ ኪሎ ተኩል። ለቁመቷ ከአርባ ሦስት በታች መሆን ስለሌለበት፣ አልሚ ምግብ የሚሰጣቸው ሰዎች መዝገብ ላይ አሰፈሯት። የሚሰጠው ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄትና ከዘይት የተሠራ፣ ቫይታሚንና ማዕድን የተቀላቀለበት፣ በፓኬት የታሸገ ወፍራም ቅባት ነው። ነርሷ አስረድታታለች። «ይኼ መድኃኒት አይደለም፤ ኪኒኑን እንዳይተዉ። ቫይረሱን የሚይዘው ኪኒኑ ነው። ይኼ ደግሞ ሰውነትዎ ኪኒኑን የሚሸከምበት ጉልበት ነው። ትንሽ በልተው ብዙ እንዲያገኙበት ነው የተሠራው።»

እትዬ ፓኬቷን ይዛ ወንድሟ ሱቅ መጣች። ጥጓን በጥርሷ ቀድዳ እየመጠጠች፣ «ያሳደግኩህ እህትህ ጡት ልትጠባ ተመለሰች» አለችው። ሁለቱም ሳቁ።

ሁለት ወር ረዳት። ጠዋት ፓኬቱን ትበላለች፤ ቀጥላ ኪኒኗን ትውጣለች፤ ሆዷ አይመልስባትም። ፊቷ ትንሽ ወዛ። አንድ ቀን ልብስ አጥባ ስትመለስ በእግሯ ዳገቱን ወጥታ እንደመጣች ለልጇ እንደ ትልቅ ጀብዱ ነገረቻት።

በሦስተኛው ወር ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ሱቁ በር ላይ ቆመች። «አርባ አምስት ገባሁ» አለችው።

«በአንድ ወር?»

«በአንድ ወር። እኔን ብቻ መሰለህ? የተሰለፈው ሁሉ ወፍሯል። ሲስተሮቹ አጨበጨቡልን። ተመርቀሻል፣ ፓኬቱ ከእንግዲህ ለባሰበት ይሰጥ ብለውኛል። ፊደል ሳልቆጥር ተመረቅሁልህ።»

ጋሼ ሚዛን ደስ አለው። ቀሚሷ ወገቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተጠብቦ እንደተያዘ አይቷል። አርባ አምስት ኪሎ የገባች ሴት ቀሚስ ለምን እንደሚሰፋት ግን አልጠየቀም።

ፓኬቱ በቀረ በሦስተኛው ሳምንት ማስመለሱ ተመለሰ። በቀጣዩ ቀጠሮ አርባ አራት ተኩል ሆነች። «ትንሽ ቀንሰዋል፤ ግን ከመስመሩ በላይ ነዎት» አሏት። እትዬ ሱቁ መጣችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«እስቲ አንተ መዝነኝ» አለችው። «እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። ይኼ አርባ አራት የሚሉት ኪሎ የት ላይ እንዳለ እኔ አላገኘሁትም።»

ሰው መሸከም የሚችለው የሱቁ ትልቅ ሚዛን ያን ዕለት ተፈታቶ ወለሉ ላይ ተበትኗል። «ቅዳሜ ነይ፤ እገጣጥመዋለሁ» አላት። ቀጠለና «ደግሞ የጤና ጣቢያ ሚዛን ነው እኮ እትዬ፤ የሽንኩርት ነጋዴ አይደለም፤ ምንሽን ይሰርቁሻል?» አለ። በዚህም ሳቁ። ቅዳሜ የሚታጠብ ልብስ አገኘችና ሳትመጣ ቀረች። እሱም አላስታወሳት። ነገሩ ከዛሬ ነገ ሲባል ቀረ።

ዝም ብሎ ግን አልተቀመጠም። ፋርማሲ ሄዶ አንድ ጠርሙስ የቫይታሚን ኪኒን ገዛላት። ፋርማሲስቷ «ከምግብ ጋር ነው» ብላዋለች፤ ለእህቱም እንዲሁ ብሎ ነገራት። የትኛው ምግብ እንደሆነ ግን እሱም አልተናገረ፣ እሷም አልጠየቀች። በባዶ ሆዷ ስትውጠው ቫይታሚኑም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱም አብረው ወጡ። ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ያወቀችው ልጇ ናት። ልጅቱ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። አንድ እሑድ የእናቷን ሽርጥ ልታጥብ ኪሱን ስትገለብጥ ኪኒን ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ቆጠረችው፤ የአሥራ አንድ ቀን ነው።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለቻት።

«ሥራ ባለኝ ቀን አልውጠውም» አለች እናቷ። «ከዋጥኩት ያዞረኛል፤ ገንዳው ላይ ጎንበስ ማለት አልችልም። ካላጠብኩ ደግሞ ምን ልንበላ ነው?»

ልጅቱ ተቆጣች። ያላት ሁሉ ከፍርሃት ነበር፤ የወጣው ግን ቁጣ ሆኖ ነው። እትዬ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰማች።

በመጨረሻው ቀጠሮዋ አርባ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ሆና አሁንም «ከመስመሩ በላይ ነዎት» ተባለች። ከዚያ በኋላ አልሄደችም። ሳል ጀመራት። ሆስፒታል ስትገባ ሳንባዋን ቲቢ በልቶት ነበር። ከአልጋ ወደ አልጋ ሲያዛውሯት ጋሼ ሚዛን ነው ያቀፋት። ክንዱ ላይ ስትሆን ከሚሏት ኪሎ ቀለለችበት፤ እጁ ሃያ ስድስት ዓመት ብረት ሲያነሳ የኖረ ነውና የሚያነሳውን ያውቃል። ግን ታማለች፣ ታማ ነው የቀለለችው ብሎ አለፈው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተች። ልጅቱ ጓዟን ይዛ አጎቷ ቤት ገባች፤ ሌላ ዘመድ አልነበራትም።

ስምንት ወር አለፈ። አንድ ሰኞ ጠዋት ከጤና ጣቢያው አንዲት ወጣት ነርስ ሱቁ መጣች። አዲስ የተዛወረች ናት።

«ጋሼ፣ የአዋቂ ሚዛናችንን ቢያዩልን» አለችው። «በየጠዋቱ ሰው ሳይወጣበት ባዶውን አያለሁ፤ ልክ ዜሮ ላይ ነው። ግን እኔ ራሴ ሌላ ቦታ ስመዘን አንድ ኪሎ እሆናለሁ፣ እዚህ ደግሞ ሌላ።»

ሁለት የሃያ ኪሎ መፈተሻ ብረቶቹን በጋሪ አስጭኖ ሄደ። መመዘኛ ክፍሉ ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ የቁመትና የክብደት ሰንጠረዥ ተለጥፏል፤ ከጎኑ በመስተዋት ክፈፍ የተሰቀለ አንድ የምስጋና ደብዳቤ አለ። ሚዛኑ ቆመው የሚመዘኑበት ዓይነት ነው፤ ክንዱ ላይ ትልቅና ትንሽ ተንሸራታች ብረት አለው። ባዶውን አየ፤ ልክ ነው። ሁለቱን ብረት ጫነ። አርባ ማለት የነበረበት ሚዛን አርባ ሦስት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

ትልቁን ተንሸራታች ብረት ፈትቶ ገለበጠው። ሆዱ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ አለ። ሚዛን ሠሪ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ እርሳስ ያፈስሳል፤ ብረቱ ትክክለኛ ክብደቱን እንዲያገኝ ነው። እርሳሱ የለም፤ ወድቋል። አንድ ቀን ወለል ላይ ወድቆ ከቆሻሻ ጋር ተጠርጎ ሄዷል። ብረቱ ስለቀለለ ክንዱ እስኪመጣጠን ወደ ከፍተኛው ቁጥር ራቅ አድርጎ መግፋት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሰውን ያከብዳል። ባዶውን ግን ነርሶቹ እንደተማሩት በየጠዋቱ ክንዱ ጫፍ ላይ ያለውን ማስተካከያ ዳዶ እያዞሩ ያስተካክሉታል፤ ስለዚህ ባዶው ሁልጊዜ ልክ ነው።

የቀዳዳው ከንፈር ላይ ግማሽ ማኅተም አለ። ግማሹ እርሳሱ ላይ አርፎ ከእርሳሱ ጋር ሄዷል፤ ግማሹ ብረቱ ላይ ቀርቷል። ጋሼ ሚዛን መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አየው። የራሱ ማኅተም ነው።

ትዝ አለው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ደላላ ስድስት ሚዛን በአንድ ጊዜ አምጥቶበት ነበር፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቀውም። ያን ዕለት ቸኩሏል። እርሳስ ከመፍሰሱ በፊት ቀዳዳው ከዘይት መጽዳት አለበት፤ አለበለዚያ እርሳሱ ብረቱን አይይዘውም። አላጸዳውም። ለምን እንደቸኮለ እንኳ ሊያስታውስ አልቻለም።

«ምን ሆኖ ነው ጋሼ?» አለች ነርሷ።

«ትንሽ ተዛንፏል» አላት። «አስተካክለዋለሁ።»

ብረቱን ሱቁ ወስዶ ቀዳዳውን በቤንዚን አጠበ፤ እርሳስ አፈሰሰ፤ መዝኖ አስተካከለ፤ ማኅተሙን መትቶ ከሰዓት መልሶ ገጠመው። አርባ ኪሎ ጫነ፤ አርባ አለ። «በምን ያህል ነበር የተዛነፈው?» ስትለው «ኧረ ቀላል ነው» ብሏት ወጣ።

ሁለት ቀን ሥራ አልነካም። የእህቱ ልጅ ምግብ ስታቀርብለት ሁለቴ ጎርሶ ይተዋል። «ምነው አጎቴ፣ አሞሃል እንዴ?» ብትለው «ጨጓራዬ ነው» አላት። በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያው በር ሳይከፈት ሄዶ ደጁ ላይ ቆመ። ነርሷ ቁልፏን ስታወጣ አያት።

«ሲስተር፣ ዋሽቼሻለሁ» አላት። «ሦስት ኪሎ ነበር። የወደቀው እርሳስ ደግሞ የኔ ሥራ ነው። እህቴ እዚህ ነበር የምትታከመው። ሞታለች፤ ሴት ልጇ እኔ ዘንድ ናት።»

ነርሷ አልጮኸችም። ክፍሉን ከፈተች፤ ወንበር ሰጠችው። ቀጥላ የክብደት መዝገቡን አውርዳ ወደ ኋላ ትገልጥ ጀመር። አንድ ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከዚያ ወር በፊት ሰዉ ገሚሱ ትንሽ ይጨምራል፣ ገሚሱ ይቀንሳል። በዚያ ወር ግን ከላይ እስከ ታች ሁሉም ወፍሯል፤ ሁለት ኪሎ ተኩል፣ ሦስት ኪሎ፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ግድግዳው ላይ ያለው የምስጋና ደብዳቤም የዚያው ሰሞን ነው፤ ጤና ጣቢያው ሕሙማኑን በማወፈር ከአካባቢው አንደኛ ስለወጣ የተሰጠ።

«እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም» አለች ነርሷ። መዝገቡን ዘጋችና ደግሞ «ብኖርም ግን አጨበጭብ ነበር» አለች።

«የእህቴን ካርድ አሳይኝ» አላት።

«ልጅ አለቻት አይደል? እሷ ትምጣ። በመጀመሪያ ለእሷ ነው የማሳየው።»

ስለዚህ ለልጅቱ መናገር ግድ ሆነ። ፋብሪካው በር ላይ ሄዶ የምሳ ሰዓት ጠበቃት። ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ስትወጣ ፊቱን አይታ ነጠል አለች። አጥሩ ሥር ቆመው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት፤ ዘይቱንም፣ እርሳሱንም፣ ያችን ቅዳሜም አልደበቀም። ደወል ሲደወል ልጅቱ ዞራ ገባች። ምሳዋን አልበላችም።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቃ አብራው ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ካርዱን እያነበበች፣ ሦስት ኪሎ የሚጠጋውን እየቀነሰች፣ በእስክሪብቶ ጎን ለጎን ጻፈችው። አርባ አምስት የተባለው አርባ ሁለት ነበር። አርባ አራት ተኩል የተባለው አርባ አንድ ተኩል። የመጨረሻው አርባ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። እትዬ መዝገቡ ላይ ከሰፈረች ወዲህ አንድም ቀን ከመስመሩ በላይ ሆና አታውቅም።

«ፓኬቱ ባይቋረጥባት ትድን ነበር?» ብላ ጠየቀች ልጅቱ።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ልዋሽሽ አልችልም፤ አላውቅም። ፓኬቱን እየበላም የሚሞት አለ። ፓኬቱ ብቻውን ማንንም አላዳነም። ግን መድኃኒቱን ሆዷ እንዲይዝላት ይረዳት ነበር፤ ሁለት ወር ረድቷታል፣ ካርዱ ላይ ይታያል። መድኃኒቱን ባታቋርጥ ደግሞ ቲቢው እንዲህ ባልደፈራት። ከዚህ ያለፈ ብነግርሽ ከልቤ አይደለም።»

ወጥተው መንገዱ ዳር ቆሙ። ልጅቱ ወደ አጎቷ ሳትዞር ነው የተናገረችው።

«አንተ ረስተህ ነው» አለች። «እኔ ዐይኗን እያየሁ ነው ሰነፍ ያልኳት። ኪኒኑን ሽርጧ ውስጥ ያገኘሁ ጊዜ። ለራስሽ የማታስቢ ሰነፍ ነሽ አልኳት። እሷ ግን ልክ ነበረች። አልወፈርኩም ብላ ነበር፤ ማናችንም አልሰማናትም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። «አውቃለሁ አጎቴ። ግን አሁን ካንተ ጋር አንድ ቤት ማደር አልችልም።» በዚያው ሳምንት ፋብሪካው አጠገብ ከአንዲት የሥራ ጓደኛዋ ጋር አንድ ክፍል ተካፍላ ገባች።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገሩ በሆድ ይዋል የሚል ሰው ነበር። «ሚዛኑ ተስተካክሏል አይደል? የሞተ አይነሳ፤ ያለውን ሰው ለምን እናሸብራለን?» አለ። ነርሷ ግን ሪፖርቱን ጽፋ ለበላይ ላከች፤ ግልባጩን ለኃላፊው ሰጠችው። ፊቱን አጠቆረባት። እሷም ከመዝገቡ ላይ በዚያ ሚዛን የተነሣ ፓኬቱ የተቋረጠባቸውንና የተከለከሉትን እያወጣች፣ ስልክ ያለውን በስልክ፣ የሌለውን በእግሯ ትፈልግ ጀመር። ጋሼ ሚዛን አብሬሽ ልዙር ሲላት «የሰውን ምስጢር ላሳይህ አልችልም» አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ያለችው ያን ጊዜ ነው፤ ሁለቱም አስተውለውት አለፉት። ቁጥሩን ግን ነገረችው። ሠላሳ ሰባት ሰው ነበሩ። ሃያ ሁለቱ መጥተው እንደገና ተመዘኑ፤ ዘጠኙ ፓኬቱ ተመለሰላቸው። ስድስቱ ሞተዋል፤ እህቱ ከስድስቱ አንዷ ናት። የቀሩት የት እንደገቡ አልታወቀም።

ጋሼ ሚዛን መለኪያና መመዘኛ መሥሪያ ቤት ሄዶ የሆነውን በጽሑፍ አስገባ። የተቀበለው ሰው ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ፣ «ማንም ሳይጠይቅህ ነው ያመጣኸው?» አለው። ከአንድ ወር በኋላ ማኅተሙን አስረክብ የሚል ደብዳቤ መጣለት። በጨርቅ ጠቅልሎ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላቸው። ቀሪዎቹን አምስት ሚዛኖችም ለመፈለግ ሞከረ፤ ደላላው ከከተማው ከወጣ ቆይቷል። ሦስቱን አገኛቸው፤ እርሳሳቸው አልወደቀም። ሁለቱ እስካሁን አልተገኙም።

ያለ ማኅተም ሚዛን መጠገን አይቻልም። አሁን በዚያችው ሱቅ ውስጥ መቀስ ይስላል። ብዙው ሥራ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ነው የሚመጣለት። ገበያተኛው አሁንም ጋሼ ሚዛን ይለዋል፤ ሲጠሩት ቶሎ አይመልስም።

ነርሷ አንዳንድ ቀን በዚያ ስታልፍ ቆም ትላለች። ከዘጠኙ ሦስቱ መስመሩን አልፈው ፓኬቱን እንደጨረሱ፣ አንዱ ግን እንደሞተ ነግራዋለች። እሱም የማን ዘመድ፣ የስንት ዓመት ሰው ብሎ አልጠየቃትም።

የእህቱ ልጅ መምጣት የጀመረችው ከቤቱ ከወጣች ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። የፋብሪካ ክፍሏን ሠራተኞች መቀስ ሰብስባ በጨርቅ ጠቅልላ ታመጣለች። መጀመሪያ በር ላይ ሰጥታው ትሄድ ነበር፤ በኋላ በርጩማው ላይ ተቀምጣ እስኪስልላት መጠበቅ ጀመረች። አንድ ቀን እናቷ ልጅ ሳለች ምን ትመስል እንደነበር ጠየቀችው። ሞረዱን አስቀምጦ የሚያስታውሰውን ነገራት። ሲጨርስ መቀሶቿን ተቀብላ፣ «በሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ» ብላው ወጣች። እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ምሳም አብረው ይበላሉ። እቤቱ ግን እስካሁን አላደረችም።